በሪፖርት ለተከተቡት ሕፃናት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ጓድ ዓለምሰገድ፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የክትባት ዘመቻው አስተባባሪ፣ የኅብረት ሱቁ የበላይ ጠባቂ፣ የውይይት ክበቡ መሪ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ሊሰጥዎት የሚችል ማንኛውም ሌላ ኃላፊነት ባለቤት፤

ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 1980 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ ብቻ ማለት ለእርስዎ ስለማይመጥን፣ እያንዳንዱ አካልዎ በየተራው እንዴት ከርሟል እላለሁ። በስብሰባ ብዛት የደከመው ወገብዎ፣ በመፈክር ብዛት የሻከረው ጉሮሮዎ፣ በጭብጨባ ብዛት የጋለው መዳፍዎ ሁሉ ደህና ይሁኑልን። እኛም ደህና ነን፤ ደህና አይደለንም ማለት ከመመሪያ ውጪ እንደሆነ ስለምናውቅ በጣም ደህና ነን።

ማን እንደሆንኩ ለማጣራት የአብዮት ጥበቃ ጓዶችን እንዳያደክሙ ራሴው ልናገር። ከኅብረት ሱቁ ፊት ለፊት ሚስማርና ማጠፊያ የሚሸጡት የአቶ አብዱልሐሚድ ልጅ ሸሪፋ ነኝ፤ የአስረኛ ክፍል ተማሪ፤ አምና በወጣቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ እርስዎ ሲናገሩ ስቀሻል ተብዬ የተባረርኩት። አባቴ ይህን መጻፌን አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ ወረቀቱ እስካሁን የሚስማር መጠቅለያ ሆኖ ነበር። ስለዚህ መቆጣት ካስፈለገዎ እኔን ይቆጡኝ፣ እሱን ይተዉልኝ። ደብዳቤውን በኅብረት ሱቁ በር ላይ የለጠፍኩትም ለክፋት አይደለም። በቢሮዎ በር ላይ የሚለጠፈውን የሚያነብ ሰው የለም፤ እዚህ ግን ለስኳር የተሰለፈ ሕዝብ ከማንበብ ሌላ ሥራ የለውም።

የምጽፈው በጥር ወር በቀበሌው ግቢ ስላካሄዱት የክትባት ዘመቻ ላመሰግንዎ ነው። ከምስጋናው በፊት ግን አንድ ነገር ላስታውስዎ። ከዘመቻው ቀደም ብሎ ሲስተር ፈለቀች ከጤና ጣቢያ መጥተው ነዋሪውን ሲያስተምሩ፣ እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው በጥልቀት ያስቡ ነበር፤ ሐሳብዎም አልፎ አልፎ በአፍንጫዎ በኩል ይሰማን ነበር። ስለዚህ የተባለውን ባጭሩ እነሆ።

ሁሉም ክትባት ለሁሉም ሰው አይደለም ነው ያሉት። ሕፃን እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳው መርፌ ክንዱ ላይ ይሰጠዋል። ከስድስት ሳምንቱ ጀምሮ በየአራት ሳምንቱ ሦስት ጊዜ የፖሊዮ ጠብታ ይወስዳል፤ አብሮም ጉሮሮ ዘጊን፣ ትክትክንና መንጋጋ ቆልፍን ባንድነት የሚከላከለውን ባለ ሦስቱን መርፌ ይወጋል። ይህ መርፌ ለሕፃናት የተሰናዳ ስለሆነ ትልቅ ሰው ቢወጋው ትርፉ ትኩሳትና እብጠት ነው። የኩፍኙ የሚሰጠው ዘጠኝ ወር ሲሞላ ነው፤ ቀደም ካለ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ክትባቱን ያከሽፈዋል፣ ከዘገየ ደግሞ የወረሰው አልቆ ልጁ ያለ ምንም ጋሻ ይቀራል። ለነፍሰ ጡሮችና በመውለድ ዕድሜ ላሉ ሴቶች የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ አለ፤ ለነፍሰ ጡር ግን የኩፍኝ ክትባት አይሰጥም። ቀላል ጉንፋን የያዘው ልጅ መከተብ ይችላል፤ ክፉኛ የታመመ ግን በቅድሚያ ሐኪም ይየው። የከሳ ልጅ ደግሞ በፍጹም እንዳይቀር፤ ኩፍኝ የሚጨክነው በእሱ ላይ ነው። ትምህርቱ ይኸው ነበር፤ ከእርስዎ የመክፈቻ ንግግር በብዙ ያጥር ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ።

1ኛ/ ስለ እኩልነት አመሰግናለሁ። ለቀበሌያችን የተሰጠውን ዕቅድ ከመቶ በላይ ለማድረስ ካደረብዎ ጽኑ ፍላጎት የተነሣ፣ በዚያ ቀን ያልተከተበ ሰው የወሩን ስኳር እንደማያገኝ በድምፅ ማጉያ አስለፈፉ። ሕፃን የሌለው ቤት ሁሉ ክንዱን ይዞ መጣ። ሲስተር ፈለቀች ይህ የሕፃናት ነው ብለው ቢለምኑዎት፣ አብዮታችን በዕድሜ ልዩነት እንደማያደርግ ገልጸውላቸው ሰልፉ ቀጠለ፤ እሳቸውም ታዛዥ ናቸውና ወጉ። የሰፈሩ የእግር ኳስ ቡድን በረኛውን ጨምሮ ለፖሊዮ ጠብታ አፉን ከፈተ። በልጅነታቸው ኩፍኝ ወጥቶላቸው የተገላገሉ ጎረምሶች የኩፍኝ ክትባት ተከተቡ። ጡረተኛው ጋሽ ገሰሰ ባለ ሦስቱን መርፌ ተወግተው ክንዳቸው ድፎ ዳቦ አክሎ ሰነበቱ፤ አሁን ግን ከእንግዲህ ትክትክ እንደማይዛቸው እየነገሩን በኩራት ይዘዋወራሉ። እማማ ወለተማርያም ደግሞ የመንጋጋ ቆልፉ እስከ አርባ አምስት ዓመት ለሆናቸው ሴቶች ነው ሲባሉ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ አርባ አራቴ ነው አሉ። ጣልያን ሲገባ ባለትዳር እንደነበሩ ዘወትር ስለሚያጫውቱን፣ በዚህ ስሌት ከመወለዳቸው ስምንት ዓመት በፊት ተድረዋል ማለት ነው። መዝጋቢዎ ቅንድቡን እንኳ ሳያነሣ አርባ አራት ብሎ ጻፈ። በሁለቱም አልፈርድም። ሻይ ያለ ስኳር የጠጣ ሰው ክንዱን ቢጠይቁት እግሩንም ይጨምራል።

እኩለ ቀን ሳይደርስ ክትባቱ ተሟጠጠ። ሲስተር ፈለቀች መንገድ ላይ ላሉት እናቶች ብለው አንድ የኩፍኝ ብልቃጥ ብቻ በሳጥናቸው ውስጥ አስቀሩ። የምን መንገድ ላይ ላሉት የሚል አንባቢ ካለ፣ ስለዚሁ ነው ቀጥዬ የማመሰግንዎ።

2ኛ/ ስለ እንግዳ አቀባበል አመሰግናለሁ። ለአየር ማረፊያው ቅርብ መሆናችን ያስገኘልን ዕድል፣ አንድ የውጭ እንግዳ ባረፈ ቁጥር ቦሌ መንገድ ዳር ተሰልፈን ባንዲራ ማውለብለብ ነው። የዘመቻው ቀን የአቀባበልም ቀን ሆኖ ዋለ። ሁለት መመሪያ ተጋጨ የሚሉ ነበሩ፤ እርስዎ ግን ወንዶቹንና ባልቴቶቹን ለክትባት፣ ሕፃን ያዘሉትን ሴቶች ለአቀባበል በመመደብ ነገሩን በጥበብ ፈቱት። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ዘርፌ ከነዚህ አንዷ ነበረች። ባሏ ሰሜን ጦር ግንባር ነው። ልጇ ሙሉአለም በዚያው ሳምንት ዘጠኝ ወር ሞልቶት ነበርና መጀመሪያ ላስከትበው ብላ ስትለምንዎ፣ ከአቀባበል የቀረ ከኅብረት ሱቁም እንደሚቀር፣ ክትባቱ ደግሞ ከሰዓት በኋላም የትም እንደማይሄድ አረጋገጡላት። አውሮፕላኑ ዘገየ። እንግዳው በመጨረሻ በመኪናቸው መስኮት እጃቸውን እያወዛወዙ ሲያልፉ፣ በዘርፌ ጀርባ ላይ ሆኖ መልሶ ያወዛወዘላቸው ሙሉአለም ነበር፤ የሌላው ሰው ክንድ ዝሎ ነበር።

3ኛ/ ስለ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። የኩፍኝ ክትባት ሙቀት ስለሚያበላሸው በረዶ በታጨቀበት ሳጥን ነው የሚመጣው። ይሁንና ዘመቻውን ሊጎበኙ ከበላያችን ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጡት ጓዶች ላብ በላብ ሆነው ነበር፣ የቀረበላቸውም ቢራ ለብ ብሎ ነበር። እርስዎ እንግዳ አክባሪ ነዎትና በረዶው ከሳጥኑ ወጥቶ ጠርሙሶቹ በተደረደሩበት ባልዲ ውስጥ እንዲገለበጥ አደረጉ። ቢራው ጥርስ የሚያሳምም ቅዝቃዜ እንደነበረው ጎብኚዎቹ ሲመሰክሩ ሰምቻለሁ። ዘርፌና ሌሎቹ እናቶች ከመንገድ ሲመለሱ ሳጥኑ ክዳኑን ከፍቶ ፀሐይ እየሞቀ ጠበቃቸው። ሲስተር ፈለቀች ብልቃጡን ጨብጠው ሙቀቱን በመዳፋቸው ለኩ። ከዚያ ይህን ብወጋውም ውሃ ብወጋውም አንድ ነው አሉ። ዘርፌ ግድ የለም፣ ብቻ ይውጉልኝ ብላ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ደረሰች። እሳቸውም ተከትቧል ብለሽ ተዘናግተሽ ከምትቀመጪ፣ አለመከተቡን አውቀሽ ሌላ ዙር ብትጠይቂ ይሻልሻል ብለው መለሷት።

4ኛ/ ስለ ሒሳብ ትምህርት አመሰግናለሁ። ዘርፌ ሌላ ዙር እንዲጠየቅላት ቢሮዎ ስትመጣ እኔ ሙሉአለምን ይዤላት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ስለዚህ የምጽፈው የሰማሁትን ነው።

«ዘርፌ፣ ሪፖርቱ እኮ ተልኳል» አሏት። «የቀበሌያችን ሕፃናት መቶ ሃያ በመቶ ተከትበዋል። በሪፖርቱ መሠረት ያንቺም ልጅ ተከትቧል።»

«ታዲያ ጓድ ሊቀመንበር፣ ኩፍኙ ሪፖርት ያነባል?»

እርስዎ ሳቁ። እሷ ግን መልሱን ትጠብቅ ነበር። እኔም ከመቶ ሕፃናት መቶ ሃያው እንዴት እንደሚከተቡ ለሒሳብ አስተማሪያችን ጥያቄ አቅርቤ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ክፍል ውስጥ አታንሺ ተብዬ ተቀመጥኩ።

5ኛ/ ሙሉአለም በመጋቢት ኩፍኝ ያዘው። መጀመሪያ ዓይኑ ቀላ፣ ከዚያ አሳለው፣ ሽፍታው ከጆሮው ኋላ ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። ሳንባው ላይ ሲወርድበት እናቴና ዘርፌ ታክሲ ለምነው ሆስፒታል አደረሱት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። እዚህ ላይ የምቀልድበት ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። አባቱ አንድም ቀን አላየውም፤ የመርዶውን ደብዳቤ ለግንባር እንድጽፍላት ዘርፌ እኔን ጠይቃኛለች፣ እስካሁን አልቻልኩም። የእርስዎን መጻፍ ቀለለኝ።

ለቅሶ ስለደረሱም አመሰግናለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጠው የእግዜር ሥራ ነው ብለው ሲያጽናኗት ሁላችንም ተገረምን። በውይይት ክበቡ እግዜር የለም ብለው ሲያስተምሩን ቆይተው፣ ጥፋተኛ በሚያስፈልግበት ሰዓት ለእግዜር ሥራ ስለሰጡት ካህናቱ ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምስጋና በኋላ አንዲት ልመና ባቀርብ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በሰፈራችን ዛሬም ኩፍኝ የያዛቸው ልጆች አሉ፤ ገና ያልያዛቸውና ያልተከተቡም በየቤቱ አሉ። እናቶቹ ተሰባስበው ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር። የእናንተ ቀበሌ ከዕቅድ በላይ ጨርሷል፣ ክትባቱ የሚላከው ላልጨረሰ ነው ተባሉ። ስለዚህ ጓድ ሊቀመንበር፣ ጨርሰናል ያልነው ስሕተት ነው፣ የተከተቡት ትልልቆቹ ናቸው፣ ሕፃናቱ ቀርተዋል የሚል አንድ መስመር ጽፈው ይላኩልን። የዕቅዱ አፈጻጸም ከመቶ ሃያ ወደ አርባ ይወርድብዎት ይሆናል። ልጆቹ ግን ይቀሩልናል። ክትባቱ ሲመጣም ስኳር አያስፈልገውም፤ እናቶቹን ከመንገድ ዳር መተው ይበቃል፤ በረዶውንም አይንኩብን።

ጊዜዎን በማባከኔ እጅግ እያፈርኩ፣ ለጤናዎ፣ ለወንበርዎና ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በስብሰባ ላይ ዳግመኛ እንደማልስቅ ቃል ለመግባት ግን አቅም ያነሰኝ፤

አክባሪዎ
ሸሪፋ አብዱልሐሚድ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ እናቴ ለሰፈራችን ሕፃናት ልትለምን ሄዳ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ባለው ቀበሌ የክትባት ጣቢያ በር ላይ ልጅዎን ማሚቱን አግኝታታለች። ወንድ ልጇን ታቅፋ ነበር፤ ዘጠኝ ወሩ ነው፣ ወፍራም፣ ያምራል። የሌላ ቀበሌ ሰው አናስተናግድም ብለው እናቴን ሲመልሷት፣ ማሚቱን ግን የሊቀመንበር ዓለምሰገድ የልጅ ልጅ መሆኑን ስትነግራቸው አስገቧት፤ የኩፍኙንም ተከተበ። ይህን ለዘርፌ ስንነግራት ምን ትል ይሆን ብዬ ፊት ፊቷን አየሁ። «እሰይ፣ እንኳን ተከተበ» አለች፤ ከልቧ ነው። ቀጥላም በየትኛው ቀን እንደሚከትቡ ጠየቀችን፣ ለሌሎቹ እናቶች ልትነግር ነው። እኔ የእሷን ያህል ደግ አይደለሁምና ይህን እዚህ በር ላይ ለጠፍኩት። ያቺን አንድ መስመር መጻፍ ከከበደዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ቢያንስ ለቀሩት ሕፃናት ሁሉ አያት ይሁኑልን።