በሬ በሌለበት አይወርድም

ጥር 25 ቀን 1997

ጠዋት ልምምድ። ከሰዓት ልብስ ላጥብ ነበር፤ ውሃ አልመጣም፣ ቀረ።

የኪነት ቡድናችን ኃላፊ በፍቃዱ ዛሬ ፊቱ በርቶ ገባ። መስከረም ላይ በረዶ ገብሳቸውን ላጠፋባቸው የደጋ ገበሬዎች የሙዚቃ ዝግጅት ሊደረግ ነው። የካቲት 17፣ በኪዳነ ምሕረት ማግስት፣ ጾም ሳይገባ፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ። መግቢያው አንድ ጣሳ ዘር ገብስ። የተሰበሰበው ለበልግ ይዘራል። ድምፅ ማጉያ ከደሴ ይመጣል አለ... እኛ እስካሁን በቀበሌው ጡሩምባ ነው የምንዘፍነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። መዝጊያው የእርሻ ዘፈን ይሁን፣ ገበሬ በሬውን እየነዳ የሚያወርደው። "ብርሀንነሽ፣ ያንቺ አባት አውራጅ ነበሩ አይደል?"

ነበሩ አይባልም፣ ናቸው አልኩት። አባዬ በረዶ ከመታቸው አንዱ መሆኑን ግን አልተናገርኩም። ለምን?

ጥር 26

ሁለት ዓመት ሙሉ ስዘፍን አባዬ አንድ ቀን መጥቶ አላየኝም። በ17 ቢመጣስ? ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጥር 29

ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው ወጣሁ። አባዬ ደጅ ላይ ሞፈር ይጠርባል። ዘር የለው፣ ሞፈር ይጠርባል... ጎረቤታችን አያ አሕመድኑር አጠገቡ ተቀምጠዋል። ጤናዬን፣ ከተማውን፣ ሁሉን ጠየቁኝ። ሥራሽስ ምንድን ነው ሲሉኝ አባዬ ቀደመኝ።

"ጽሕፈት ቤት ነው የምትሠራ።"

ለሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ዘፋኝ የምትለዋ ቃል አፉ ላይ አትመጣለትም።

አያ አሕመድኑር ሲሄዱ የመጣሁበትን ነገርኩት። ዜማው አለኝ፣ ግጥሙ ግን ልጅ ሆኜ የሰማሁት ነው፣ ግማሹ ጠፍቶብኛል፣ ስጠኝ አልኩት። መጥረቢያውን አስቀመጠ።

"በሬ በሌለበት አይወርድም።"

ለእናንተው እኮ ነው አልኩ። በሬው ሰምቶት ይስባል፣ ሰው ሰምቶት ምን ሊስብ ነው አለኝ። እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ። እመጣለሁም አልመጣምም አላለም። እስከ ወንዙ ሸኘኝና "በሰላም ግቢ" ብሎኝ ተመለሰ።

መንገዱን ሁሉ ከፋኝ። ድህነቱ አይደለም፣ ድህነቱን አብሬው አድጌበታለሁ። በእኔ ማፈሩ ነው ያመመኝ።

የካቲት 2

በፍቃዱ መላ አገኘ። በሬ ከሌለ በሬ እንሠራለን! ከቡድናችን ሁዜይፋና ጋሹ የበሬ ቆዳ ለብሰው ቀንበር ሊሸከሙ ነው። ሁዜይፋ እንደሱ ያለ ተወዛዋዥ በወረዳው የለም፤ ቀኝ በሬ ካልሆንኩ ብሎ ከጋሹ ጋር ተኳረፈ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

አባዬ ይህን ቢያይስ... ባይመጣ ይሻል ይሆን?

የጎደለውን ግጥም ራሴ ልሞላ ሞከርኩ። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ውሸት ውሸት ይላል።

የካቲት 9

ገብሱ እየገባ ነው። ከጅዳ የተመለሰችው ልብስ ሰፊያችን ፈይዛ ከደጎሎ በጭነት መኪና አንድ ኩንታል አስመጣች። መግቢያው ጣሳ ነው ሲሏት፣ "እኔ ወፍራም ነኝ፣ በጣሳ የምገባ ይመስላችኋል?" አለች። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሰው እየያዘ ይመጣል። ከተማው ለደጋው ይህን ያህል ያስባል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

የፊት ወንበሮች ለገበሬዎቹ ተለይተዋል። ለአባዬ አንዱን በዓይኔ ያዝኩ። ከዚያ ላይ ሆኖ አፌን ሁሉ ያያል።

የካቲት 13

ለገበያ ከላይ በወረዱ ሰዎች "አደራህን ና" ብዬ ላክሁበት። መልሱ ዛሬ መጣ... "ካልዘነበ።"

ካልዘነበ? ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና የለም። እንግዲህ እመጣለሁ ማለቱ ነው። እሱ እንደሆነ ቀጥ አድርጎ እሺ ብሎ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ሳንጎራጉር ዋልኩ።

የካቲት 16

ኪዳነ ምሕረት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከወደ ምዕራብ ጠቆር አለ። ማጉያው ከደሴ ገባ። ፈይዛ ቀሚሴን ተኩሳ ሰቀለችልኝ። ነገ...

ይህን ስጽፍ ጀመረ። ቆርቆሮው ይጮሃል። እመቤቴ፣ አንድ ቀን ብቻ ብታቆዪው...

ምን ዓይነት ጸሎት ነው ይሄ? ለማን ልዘፍን ነው? ይቅር በይኝ።

የካቲት 17

ሜዳው ጭቃ። የማጉያው ሽቦ ረጥቧል። የፊት ወንበሮች ባዶ... አንድ ገበሬ አልወረደም፤ ሁሉም እርሻ ላይ ናቸው። በፍቃዱ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ሽቦውን ሲያይ ቆየና ቀርቷል አለ። ጾሙ ሊገባ ነው፤ እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሁዜይፋ ቆዳውን ለብሶ ቆሞ ነበር። ማንም አልሳቀበትም።

አለቀስኩ። ዝናብ መጣ ብሎ የሚያለቅስ የገበሬ ልጅ... ግን አለቀስኩ።

እርጥበቱ ሳያመልጥ ዘሩ ነገ ይውጣ ተባለ። አብረሽ ሂጂ አለኝ በፍቃዱ። እሺ አልኩ።

የካቲት 18

መንገዱ እስካለበት በአይሱዙ፣ ከዚያ ወዲያ በአህያ። ስንደርስ ገበሬዎቹ በወንፈል ተሰብስበው የአባዬን ማሳ እያረሱ ነበር፤ አባዬ ከፊት። ጆንያው ሲፈታ ሁሉም እጃቸውን ከተው ገብሱን ዘገኑት። አያ አሕመድኑር ዱዓ አደረጉ። አሜን አልን፣ እኛም እነሱም።

አባዬ ዘሩን በትኖ እርፉን ያዘ። ቦራ፣ ያ ለጋሚ በሬው፣ መሀል ላይ ቀጥ አለ። ጅራፉን ያነሳል ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ ዞረ።

"በሬው ይኸው። አውርጂ እንጂ።"

ቀሚሱ ፈይዛ ቤት ተሰቅሏል። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ። የመጀመሪያው ድምፄ ተሰበረ፣ እንደገና ጀመርኩ። ጠፋ ያልኩት ግጥም ካለበት ይመጣ ጀመር። ያልመጣልኝን አባዬ ከፊቴ እየሄደ ሞላልኝ...

ሳብ እንጂ ቦራዬ፣ ምን ያስቆምሃል፣
ሰማይ ያለውን ሰጥቶ አንተን ያይሃል።

ቦራ ሳበ። ከኋላ ያሉት ተቀበሉኝ። ማጉያ የለ፣ ወንበር የለ... እንዲህ ዘፍኜ አላውቅም።

ማሳው ዳር ሲደርሱ አያ አሕመድኑር በሬያቸውን አቁመው፣ "አስናቀው፣ ይቺ ልጅ ጽሕፈት ቤት ነው የምትሠራ አላልከኝም?" አሉት።

አባዬ ማረሻውን ከአፈሩ ነቅሎ በሬዎቹን አዞረ።

"ዘፋኝ ናት" አለ። "እኔን ነው የወጣችው።"