ከሰባት ቤት የተዘለለው

ኅዳር 9

እብደት በዘር ይወርዳል? ዛሬ ገሳይ ከተማ በገባንበት ቤት ሁሉ ይቺኑ ጠየቁኝ። እኔስ ተመርቄ ሥራ የያዝኩት ይቺኑ ልጠይቅ አይደል!

የአእምሮ ሕመም ጥናት ነው፤ ሥራው ደስ ይላል። ቤተሰቡን ሰባት ቤት ዘር ማስቆጠር፣ ሐረጉን መሳል፣ ከዚያ ለዘር ምርመራ ምራቅ በብልቃጥ መቀበል። እዚህ አገር ለጋብቻ ሰባት ቤት ያልቆጠረ ሽማግሌ የለም። አንዱ ቤት፣ አባ ይሻው እንደ ውዳሴ ማርያም አወረዱት። ጨረሱ ስል ሚስታቸው ከበሩ ሥር ሳቁ።

"ጌጤን ዋጧት እኮ፣ አንቱ!"

"ዝም በይ! ስንቆጥር የታመመ መች ይጠራል? ቢጠራ ልጆቹን ማን ያገባል?"

ጌጤ የወንድማቸው ልጅ ናት። ከአረብ አገር ታማ የተመለሰች። ከጓዳ እንጉርጉሮ ይሰማ ነበር… ሬዲዮ መስሎኝ።

ኅዳር 10

ለጥናቱ መሪ ለዶክተር ጥላዬ ነገርኳቸው። አልገረማቸውም። ዓመታት ሙሉ የደጋው ሕዝብ ከማን ከማን እንደተዋለደ ያጠኑ ሰው ናቸው። የአእምሮ ሕመም ጥናት ውስጥ የገቡት ኋላ ነው።

"ሐረግ ስስል ሰው እየጎደለብኝ… ስከታተለው የጎደለው ሁሌ የታመመው ሆነ። ያኔ ወደ ሕመሙ ዞርኩ።" ሻያቸውን እያማሰሉ፣ "አንተስ? የራስህን ሐረግ ስለሃል?"

አልሳልኩም።

ኅዳር 12

ደብረ ታቦር፣ ቤት። እማዬን አስቆጠርኳት። እህቴ እመቤት ለጥር ስለምትዳር ቆጠራው እማዬ አፍ ላይ ነው። ወንድሟ ዋልልኝ ጋ ስትደርስ "ሞቷል" ብላ አለፈች። እኔ ልወለድ ስል ነው የሞተው። ምትኩ ያሉኝም በሱ ነው።

"የት ተቀበረ?"

"ምን ያደርግልሃል?"

ድንቿን መላጥ ቀጠለች።

ኅዳር 13

ሰው ሞቶ እንዴት መቃብር አይኖረውም?

ኅዳር 21

እመቤት ነገረችኝ። እያለቀሰች።

"እማዬ በየዓመቱ የምትልከው ጋቢ ለማን ይመስልሃል? ለአጎታችን ነው፤ ወንዛዬ፣ ፍልውሃው ጋ ነው ያለው። በሕይወት። የሙሽራው ሽማግሌዎች ከሰሙ እኔ ቀረሁ!"

"ለማን እነግራለሁ?"

"ለዶክተርህ ነዋ!"

ዋልልኝ ሲታመም ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር አሉ። እኔ ነሐሴ ላይ ሞላኝ። ዛሬ ገበያ መሃል ሰው ስሜን የጠራኝ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም የለም። ይሄ ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል… አይደል?

ታኅሣሥ 4

ጠየቅኋቸው፣ ዶክተርን። የአጎቴን ነገር ነግሬ፣ እኔም ላይ ይወርዳል ወይ ብዬ።

"ዘር አለበት። ግን ብዙ ጥቃቅን ነገር ተደምሮ፣ ኑሮም ታክሎበት ነው። የአጎትህ ሕመም ባንተ ላይ የተፈረደ ፍርድ አይደለም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ስለ አንድ ሰው ማንም እርግጠኛ አይደለም። እኔም ስለ ራሴ።" ሲሸኙኝ፣ "ለጥናቱ ብለህ አጎትህ ዘንድ እንዳትሄድ። ከሄድክ ብልቃጡን እዚህ ትተህ ሂድ።"

ታኅሣሥ 7

ወንዛዬ። አያ ዋልልኝ ፍልውሃው ዳር ተቀምጠው፣ የሚታጠቡ ሰዎችን ልብስ ይጠብቃሉ። ጋቢው የእማዬ ፈትል ነው። ገና አፌን ሳልከፍት ቀና አሉ።

"የእህቴ የያማረች ፊት ነው ይሄ። ማን አሉህ?"

"ምትኩ።"

ሳቁ። "የማን?"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። በመሃል ከጎናቸው ከሌለ ሰው ጋር ተጨቃጨቁ፣ ረቱትም መሰለኝ። ከዚያ እኔኑ አዩኝ።

"እሷ ዘንድ አሁንም እንደሞትኩ ነኝ?"

መኪና እስክይዝ ድረስ ይቺ ድምፅ ከኋላዬ ነበረች። አሁንም አለች።

ታኅሣሥ 9

እመቤት ለእጮኛዋ ራሷ ነገረችው። ምን አለሽ ብላት፣ "'እናንተም?' አለኝ" አለች። ለካ እነሱም የዘለሉት ሰው አለ። እሷም እስካሁን አላመነችም፣ ትስቃለች ታለቅሳለች።

ሐረጋችንን እማዬ እንደቆጠረችው ሳልኩ። የሞተ ሰው ላይ ጭረት ይደረጋል። የዋልልኝን ጭረት በላጲስ አጠፋሁት። ከሥራቸው እኔ አለሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፣ ግን አሁን የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እማዬ ያወረሰችኝ ነው።

እማዬ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ አያ ዋልልኝን አገኘኋቸው። አንድ ነገር ጠይቀውኛል…" ነገርኳት፣ ቃል በቃል።

ስልኩን አልዘጋችም፤ ትንፋሿ ይሰማል።

"ቅዳሜ ወንዛዬ እመለሳለሁ። እሺ ምን ልበላቸው? መልሱን ንገሪኝ እማዬ… ወይ አብረሽኝ ነይና ራስሽ መልሺላቸው።"