መኪናው ውስጥ የቀረው ጃኬት

ለውድ እህቴ ለጋዲሴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የኩዌት ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ማዳምሽ አሁንም ስልክሽን አርብ አርብ ብቻ ነው የምትሰጥሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማዬ ትበላለች፤ የምትበላው ግን ብይ ሲሏት ነው። አባዬ ባጃጁን እንደገና ማሽከርከር ጀምሯል። ትንሿ እህታችን ቢሊሴ የፊት ጥርሷ ወልቆ "ጋዲሴ ስትመጣ ታበቅልልኛለች" እያለች ጎረቤቱን ታስቃለች። እኔም ትምህርቴን አላቋረጥኩም፤ የአስራ አንደኛ ክፍል ፈተና ደርሶብናል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በደወልሽ ቁጥር እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጋ አጠገቤ ስለምትቀመጥ ነው። የእትዬ እንቁ ልጅ ኮከብ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያ ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። እባክሽ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ሐምሌ ሲመጣ ቶሌራ ከሞተ ዓመት ይሞላዋል። የሩጫ ክለቡ ልጆች ያን ቀን ጭላሎ ወጥተው ወንድማችን ያልጨረሰውን ዙር ሊሮጡለት ነው። እኔም አብሬያቸው መሄድ እፈልጋለሁ። ለእማዬ ስነግራት የምታጥበውን ድስት አስቀመጠችና "ሂን ዴምቱ! አትሄድም። ያ ተራራ አንዱን በልቶብኛል፣ አንተን አልጨምርለትም" አለች። አባዬም "እናትህ ያለችው ነው" ብሎ ወጣ። በዚህ ቤት እማዬ የምትሰማው አንቺን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቃል እንድትነግሪልኝ እለምንሻለሁ። ግን ሳታውቂ እሺ እንድትዪልኝ አልፈልግም፤ ሳታውቂ እምቢ እንድትዪኝም አልፈልግም።

መርዶ ከተነገረሽ በኋላ እማዬ በስልክ "የላክሽለትን ቀይ ጃኬት ለብሶ ነበር፣ ብርድ አላገኘውም" ብላሻለች። እንዲህ ያለችው ለአንቺ አዝና ነው። ጃኬቱን አልለበሰውም ጋዲሴ። መኪናው ውስጥ ነበር።

ክለብ የገባው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለሆነ አሠራራቸውን አታውቂውም። በሶደሬ መንገድ ሲሮጡ አሰልጣኙ ባጫ በፒክአፕ ከኋላ ይከተላቸዋል። ሰውነታቸው ሲሟሟቅ ቱታቸውን እያወለቁ ወደ መኪናው ይወረውራሉ፣ ውሃም ከመኪናው ይቀበላሉ፤ ሩጫው ሲያልቅ ልብሳቸው እዚያው ይጠብቃቸዋል። ቶሌራ ስንት ጊዜ እንዲህ ሮጠ። ቦርሳ አዝሎ የሚሮጥ ሰው ካየ "ሱቅ ልትከፍት ነው እንዴ?" ይል ነበር። እኔንም አንድ ቀን የውሃ ጠርሙስ ይዤ ስከተለው "አንተ ድንች፣ ሯጭ ነህ ወይስ አህያ?" ብሎኛል። ደግሞ አዳማ ላይ ጃኬት ደርቦ የሚሮጥ ማን አለ? የታመመ ሰው ይመስላል።

የተራራ ውድድር ሊደረግ ነው ሲባል ለልምምድ ከአሰላ በላይ ጭላሎ ሄዱ። ዙሩ ከመጨረሻው መንደር ተነስቶ ጫፉ ድረስ ይወጣል፣ አፋፉን ዞሮ በሌላ በኩል ይወርዳል። መኪና የሚደርሰው ግን መንደሩ ድረስ ብቻ ነው። ጠዋት ፀሐይ ነበር አሉ። እንደ ለመዱት ሁሉም አውልቀው ወረወሩ። ቶሌራ ያንቺን ጃኬት አይወረውረውም ነበር፤ አጥፎ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠውና ባጫን "ሻይህን ሳትጨርስ እመጣለሁ" አለው።

ጫፉ ላይ ጉም ወረደ፤ ወዲያው በረዶ ጣለ። ቶሌራ ሁሉንም ቀድሞ ስለነበር ብቻውን ነው። ሌሎቹ ተያይዘው በመጡበት ተመለሱ፤ እሱ ግን መውረጃውን ስቶ ወደ ማዶ ሄደ። እስኪመሽ ጮኹ፣ ባጫም የመኪናውን ክላክስ ሲነፋ ዋለ። በማግስቱ የመንደሩ ሰዎች ጅብራ የሚሉት የደጋ ተክል ሥር ተቀምጦ አገኙት። እጆቹን ካናቴራው ውስጥ አስገብቶ ደረቱን አቅፏል። ምንም የተሰበረ ነገር አልነበረውም።

ባጫ ጃኬቱን ያመጣ ዕለት ዝናብ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ርሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል፤ ጃኬቱ ብቻ ደረቅ ነበር። እማዬ ተቀብላ ፊቷን ቀበረችበት። እስከ ዛሬ አላጠበችውም፤ ከትራሷ ሥር ነው ያለው። ባጫ እሁድ እሁድ እየመጣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። እማዬ ምግብ ታቀርብለታለች፣ ዓይኑን ግን አታየውም። በቀደም ቢሊሴ "መኪናውን የያዝከው አንተ ነህ?" ብላ ጠየቀችው። "አዎ" አላት። የጠቀለለው እንጀራ በእጁ እንዳለ ቀረ።

አሁን ባጫ ማንንም ባዶ እጁን አያስወጣም፤ የሚወጡትም ሁለት ሁለት ሆነው ነው። እኔም ሳይፈቀድልኝ ቦርሳዬን አዘጋጅቼ አልጋዬ ሥር ደብቄ ነበር። ሹራብና ካልሲ በፌስታል ጠቅልያለሁ፤ ቢቀደድ ብዬ ሌላ ፌስታል ደርቤበታለሁ። የሱፍ ኮፍያ አለኝ። የብርድ ጓንት ፍለጋ ገበያውን ስዞር አንዱ ባለሱቅ "አዳማ ላይ? በረዶ ልትነግድ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ፤ ሌላ ሱቅ ግን አገኘሁ። ፊሽካ ከስፖርት መምህራችን ለምኛለሁ፣ አንገቴ ላይ ትሆናለች። የግንባር ባትሪ፣ ውሃ፣ አክስታችን ከኢተያ የላከችው ጭኮም አለ፤ ገብስና ቅቤ ስለሆነ በብርድ ሆድ ይይዛል። አንዳንዴ ቦርሳውን አዝዬ ግቢውን እዞራለሁ። አይከብድም። አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፤ ምንም አይከብድም።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ቤት ስትጠርግ አገኘችው። ስገባ ዕቃውን ሁሉ አልጋዬ ላይ ደርድራ አጠገቡ ተቀምጣለች። ትጮኻለች ብዬ ነበር። ጓንቱን በራሷ እጅ አጥልቃ ጣቶቿን አጠፈች፣ ዘረጋች። "ይሄ ብርድ ይከለክላል?" አለችኝ። "ይከለክላል እማዬ" አልኳት። "እንዲህ ቀሎ?" አለች። ከዚያ አንድ በአንድ መልሳ ከተተችውና "ጋዲሴ የምትለውን እንስማ" ብላ ወጣች። ደብዳቤ መላኬን ታውቃለች፤ ይህን መጻፌን ግን አታውቅም።

እንግዲህ ነገሩ በአንቺ እጅ ነው። እምቢ ካልሽ እቀራለሁ፣ አላኮርፍሽም። እሺ ካልሽ ደግሞ አርብ ስትደውዪ ጃኬቱን እንድትሰጠኝ ንገሪልኝ። ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ልብስ በቤታችን ያለው እሱ ብቻ ነው፤ የገዛሽውም አንቺ ስለሆንሽ ካንቺ ነው የምጠይቀው። ፀሐይ ቢሆንም መኪናው ውስጥ አልተወውም። ቶሌራ የተቀመጠበት ጅብራ ጋ ስደርስ አውልቄ ለጥቂት ጊዜ ለጅብራው አለብስለታለሁ። ከዚያ መልሼ ለብሼው እወርዳለሁ።

እማዬ ዓይንሽን ያሳየኝ ትላለች። አባዬ ራስሽን ጠብቂ ብሎሻል። ቢሊሴ የወለቀውን ጥርሷን በወረቀት ጠቅልላ ላክልኝ ብላ አልቅሳ ነበር፤ ትስምሻለች ብዬ እጽፋለሁ ብዬ አታለልኳት። ባጫ ሰላም በልልኝ ሊለኝ ጀምሮ ተወው፤ እኔ ግን ሰላም ብሎሻል ብያለሁ።

የሚናፍቅሽ ወንድምሽ
ጫምሳ

አዳማ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.