እማዬ ያረመችው መደብ

እሑድ (በፈረንጆቹ 2006፣ የአይሁዶች ፑሪም በዓል እንዳለፈ)

እማዬ ዛሬ ከቤት ወጣች። ጫማዋን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አቧራ ጠጥቶ ነበር። ከጎንደር ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ሽኩና ቤት በሚሉት ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። እኔ ቀድሜያት መጣሁ፣ እሷ እዚያ የመምጫ ተራዋን ስትጠብቅ አረጀች። የክሊኒካችን፣ የኩፓት ሆሊሙ ሐኪም «አየር ትቀበል፣ ከሰው ትገናኝ» ብሎኝ ነበር። አየርማ እኔ ሥራ ቦታ ሞልቷል።

ታማርን ለመንኳት። ታማር ዶክትሬቷን የምትሠራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ከከተማው በስተሰሜን፣ ሣሩ ሜዳ ላይ የታጠሩት መደቦች የእሷ ናቸው። እኔ እንከባከብላታለሁ። ችካል አቃናለሁ፣ ውሃ አጠጣለሁ፣ በመደቦቹ መሃል ያለውን መተላለፊያ አጸዳለሁ። ኤመቅ ሳራ ፋብሪካ ገብቶ ካርቶን ከማሸግ ይሻላል፤ ወገቤ ያው ነው፣ ጆሮዬ ግን አርፏል። ታማር «ቤሴደር፣ እሺ፣ ትምጣ» አለች።

አጥሩ አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥኳት። ቅጠሉን ቀጥፋ በመዳፏ አሽታ አሸተተችው። «ይኼም እዚህ መጥቷል?» አለች፣ የአገሯን ሰው እንዳገኘች ሁሉ። ቀኑን ሙሉ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ይበቃኛል።

ሰኞ

ዛሬም መጣች። ጎንበስ ብዬ መተላለፊያውን ስመነጥር ከኋላዬ ሆና ስታየኝ ቆየችና «ስመኝ፣ ደኅና ነሽ?» አለችኝ። «እርሻው በአረም ታንቆ አንቺ መንገዱን ታርሚያለሽ?»

ሳቄ መጣ። እውነትም ላየው ሰው እብደት ነው። መደቦቹ ውስጥ ሲናሩ፣ እንክርዳዱ፣ ማገጡ፣ የካላኒቱ ቀይ አበባ ተደበላልቆ ጉልበት ይደርሳል፤ እኔ ወገቤን የማጎብጠው ማንም ለማይፈልገው ባዶ መሬት ነው።

ላስረዳት ሞከርኩ። እኛ አገር እህል የሚያበላሹት ሲናርና እንክርዳድ እዚህ ነባር ናቸው፤ ማንም ሳይዘራቸው ድሮም የነበሩ። ታማር በመሃላቸው አንድ እንግዳ ሣር ዘርታለች። ለግጦሽ ይሆናል ተብሎ ከአፍሪካ የመጣ ነው፤ የጤፍ ዘመድ፣ ቡቃያው ከጤፍ ቡቃያ ለመለየት የሚያስቸግር። ማወቅ የምትፈልገው እንግዳው ነባሮቹን ይገፋ እንደሆነ ነው፤ ወይስ እነሱ ይገፉት እንደሆነ፣ ወይስ እንደምንም ተቻችለው ይኖሩ እንደሆነ። ስለዚህ ምንም አይነቀልም አልኳት። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። ግን ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም፣ እኔም እየሠራሁ ነበር የማወራት።

ታማር ስለ «እንግዳው» ስታወራኝ አንዳንዴ ድንገት ታፍርና ዓይኗን ትሰብራለች። እኔን የነካችኝ ይመስላታል። እኔ ሣር አይደለሁም። ሣሩ ሣር ነው።

እራት ላይ እማዬ ስለ አባቴ ማሳ አወራች። የጤፍ አረም የሴት ሥራ እንደነበር፣ ጎረቤት ለጎረቤት ወንፈል ገብተው እንዴት እየተፎካከሩ እንደሚያርሙ። ልጄ «ሳቭታ ምን አለች?» ብላ ስለ አያቷ በዕብራይስጥ ጠየቀችኝ። መተርጎም እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማክሰኞ

ውሃ አለቀብን። እማዬን ባሕር ዛፉ ሥር ትቻት ከታማር ጋር በቴንደር መኪናዋ በርሜሎቹን ልንሞላ ሄድን። መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ስንመለስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ታማር ቸኩላ ስለነበር በርሜሎቹን በሩ ላይ አራግፈን ወዲያው ወደ ከተማ ዞርን፤ መደቦቹን ዞሬ አላየሁም።

እማዬ እጇ አረንጓዴ ሆኗል። ጥፍሯ ውስጥ አፈር አለ። ነጠላዋ ጫፍ ላይ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነጭ አይብ ቋጥራለች። ከየት አመጣሽ ብላት «ፍየል ጠባቂው ሰውዬ ሰጠኝ» አለች። የበደዊ አረብ ሽማግሌ ነው፤ ሁልጊዜ በአጥሩ ዳር ያልፋል። «በምን ቋንቋ ተግባባችሁ?»

«በፍየል» አለች።

ቀለደች! ከመጣች ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። እራቷን ጥርግ አድርጋ በላች፣ ጋደም እንዳለችም እንቅልፍ ወሰዳት። እጇ ለምን አረንጓዴ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ደስታ ሰውን ያደነዝዛል።

ረቡዕ

እማዬ የደም ምርመራ ስላላት ልጄ ይዛት ሄደች። ሜዳው ስደርስ ታማር ቀድማኛለች። ጥግ ላይ ካለው፣ ከሁሉም ከሚያምረው መደብ አጠገብ ተንበርክካ ታለቅሳለች።

መደቡ ባዶ ነው። ሲናሩ የለም፣ ማገጡ የለም፣ ካላኒቱ የለም። ከአጥሩ ውጭ የፍየል ኮቴና በጠጥ ተበትኗል። «ፍየሎቹን አስገብቷቸው ነው» አለች ታማር። «ሁለት ክረምት የለፋሁበት ነው።»

እኔ ግን ዝቅ ብዬ አየሁ። ፍየል እንዲህ አይነቅልም። ከሥሩ ተመዞ፣ አፈሩ ተመልሶ በጣት ተጠቅጥቋል። እንግዳው ሣር ብቻ አንድም ሳይነካ፣ በየቦታው ለብቻው ቆሟል። እንዲህ ያለ እጅ አውቃለሁ፤ ልጅ ሆኜ ከጎኗ ጎንበስ ብዬ ተምሬበታለሁ።

ለታማር ሳልነግራት ተነሥቼ ችካል ማቃናት ጀመርኩ።

ቤት ስገባ እማዬ ራሷ ነገረችኝ። «አረምኩልሽ። ያ ሁሉ ሲናር! አንቺ ጊዜ የለሽም፣ ወንፈልሽ ማን ነው እዚህ? አረሙን ለሰውዬው ፍየሎች በአጥሩ ላይ አቀበልኩት፣ ለከንቱ ከሚጣል።» ፊቷ ያበራል። የቀረውንም ነገ እጨርስልሻለሁ አለች። ነገ ሥራ የለም ብዬ ዋሸኋት።

ሐሙስ

ሻራቩ ጀመረ። የበረሃው ትኩስ ነፋስ ዓይን አያስገልጥም።

ሽማግሌው ፍየሎቹን እየነዳ መጣ። ታማር ሮጣ ጮኸችበት። ለግጦሽ መሬቱ ተቆጣጣሪ እንደምትደውል፣ ከእንግዲህ በዚህ መንገድ እንደማያልፍ ነገረችው። ሰውየው እስክትጨርስ አዳመጣት። ከዚያ እኔን አየኝ። ዕብራይስጡ ከእኔ ይሻላል፤ አንድ ቃል ቢናገር ነፃ ይወጣ ነበር። አልተናገረም። ፍየሎቹን አዙሮ በረጅሙ መንገድ፣ በዚያ ነፋስ ውስጥ ሄደ።

እንደ ዛሬ አፍሬ አላውቅም። ስለ ሥራዬ አልነበረም የፈራሁት። እማዬ ከሰማች ተመልሳ ግድግዳዋን ታያለች ብዬ ነው። ግን ለእናቴ ብዬ የሌላ ሰው ሽማግሌ ከመንገዱ ላስባርር?

ስንመለስ መኪና ውስጥ እናቴ እንዳረመችው ለታማር ነገርኳት። ታማር መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመች። ከዚያ «ምኑን ነው የተወችው?» አለችኝ።

«እንግዳውን። ጤፍ መስሏት ነው።»

መሳቅ ጀመረች፣ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። እናትሽ አጥሩን አትለፍ አለች። መደቡን ግን አንነካውም፣ ጎረቤት የሌለው እንግዳ ምን እንደሚሆን እናያለን አለች። እሑድ ሽማግሌውን ሁለታችንም ይቅርታ እንጠይቀዋለን። ሥራዬን አላጣሁም። ግን አልቀለለኝም።

ዓርብ

ታማር ስለ እሑዱ ነገር ደወለች። ኩሽና ቆሜ ስመልስላት ልጄ በሩ ላይ ሆና ሰማችና፣ ዞራ በዚያችው ባላት ትንሽ አማርኛ የመደቡን ነገር ሁሉ ለአያቷ ነገረቻት። ክፋት የላትም፣ አስቂኝ መስሏት ነው።

እማዬ ጫማዋን አውልቃ በእግሯ አልጋው ሥር ገፋችው።

ቅዳሜ

ሻራቩ አልበረደም። መስኮቱን ዘግተን ተቀምጠናል። እማዬ ሻይ እንኳን አልነካችም።

አጠገቧ ሆኜ ለመንኳት፤ ማንም አልተቆጣሽም አልኳት። «ታዲያ አረሙን ትቼ እህሉን ነቀልኩ በይኛ» አለችኝ።

አይደለም እማዬ፣ እዚያ አረምም እህልም የለም፣ የተዘራው ጥያቄ ነው አልኳት። ወደ ግድግዳው ዞራ «ጥያቄ የሚዘራ ገበሬ አይቼ አላውቅም» አለች። እኔም አላየሁም። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እጆቿ ብቻ ናቸው ከእሷ ጋር ወደዚህ አገር የተሻገሩት። እነሱንም እኔ ነኝ ያሳፈርኩባት።

እሑድ

ሌሊት ነፋሱ ወደቀ፣ ጥቂት ዘነበ። ጠዋት እማዬን ትቼ ብቻዬን ሄድኩ።

እማዬ ያረመችው መደብ በነፋሱ ተቃጥሏል። ያ ተለይቶ የቆመው እንግዳ ሣር ጫፉ ብቻ አይደለም፣ እስከ ሥሩ ገለባ ሆኗል። ታማር ወደ ቀጣዩ መደብ ወሰደችኝና ሲናሩን በእጇ ገለጥ አደረገች። ከታች፣ በጥላው ውስጥ፣ እንግዳው አረንጓዴ ነው። ቀጭን ነው፣ የተጨናነቀ ነው፣ ግን አለ። ይገፉታል ብዬ ነበር የምጠብቀው አለች። ይገፉታልም፣ ከነፋሱም ይከልሉታል። ከአንድ ሻራቭ ምንም ማለት አይቻልም አለች ቶሎ ብላ፤ ገና ብዙ መታየት አለበት።

ሽማግሌው መጣ። ታማር ይቅርታ ጠየቀችው፣ እኔም። እጁን አወዛወዘና «እናትሽ አይደለች?» አለኝ። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ አይብ አውጥቶ በአጥሩ ላይ አቀበለኝ። ለእሷ ነው።

ቤት ስደርስ አይቡን አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩና ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። አይቡን አላየችውም። «ደረቀ?» አለችኝ። «ሁሉም?»

ሁሉም አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች። ስለ ጤፏ ያዘነች ይመስለኛል።

ሰኞ

ጠዋት ስነሣ እማዬ ለብሳ ቆማለች። ጫማዋን ራሷ አውጥታዋለች። ወዴት ነው ስላት «ያበላሸሁትን ልየው» አለች።

ታማር ዛሬ ከተማ ናት፣ ሁለታችን በአውቶቡስ ሄደን ከፌርማታው በእግር ወጣን። አጥሩን አላለፈችም። ሽቦውን ይዛ መጀመሪያ የደረቀውን መደብ፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን ብዙ ጊዜ አየች። ሲናሩ መሃል ያለውን አረንጓዴ ሣር ሳልነግራት አገኘችው። «ተሸሽጎ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ ሽቦው ሥር ጎንበስ አለች። ካረመችው መደብ ዳር፣ ከሥሩ ሳይነቀል የተበጠሰ አንድ ሲናር ከዝናቡ በኋላ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። እጇ በሽቦው መሃል አልፎ ደረሰበት፤ ሁለቱ ጣቶቿ አንገቱን ያዙት። ዕድሜዋን ሙሉ የሠሩትን ሊሠሩ ነው።

ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ልተወው?»

ታማር ብትኖር ታውቅ ነበር። እኔ እንጃ። «ተይው» አልኳት።

ጣቶቿን ለቀቀች። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ እስክንመለስ ድረስ አላወጣችውም። በመንገድ አላወራችም፣ እራትም ትንሽ ነው የቀመሰችው። ተሻላት ለማለት አልደፍርም። ነገ ትመጪያለሽ ወይ ብዬም አልጠየቅኳትም።

ጫማዋ ግን አልጋው ሥር የለም። በሩ አጠገብ፣ ከእኔ ጫማ ጎን አስቀምጣዋለች።