እማዬ ጭን ላይ ያስቀመጥኩት በሶብላ

ለተከበርከው ወንድሜ ለሲዮቩሽ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? የሩሲያ ብርድ ሳይጠና ወፍራም ልብስ ገዝተሃል? አብረውህ የሚያድሩት የመንደራችን ልጆችስ ደህና ናቸው? እኛ ካሉት ተቆጥረን አለን። ትምህርት ተከፍቶ አሥረኛ ክፍል ገብቻለሁ። ስልኬን ማንሳት ከተውክ ወር ሊሞላህ ስለሆነ፣ ይህን ወረቀት ወደ እናንተ ለሚመጣው ለጎረቤታችን ልጅ ለዳለር ሰጥቼዋለሁ። አንብበው። ከዚያ ከፈለግህ ቅደደው።

በእማዬ አርባ ዕለት መርዶዋን ስንነግርህ ያልከኝ ከጆሮዬ አልወጣም። «እናቴን እንዳልቀብር ያደረግኸኝ አንተ ነህ» አልከኝ። እውነት ነው፣ ደብቄሃለሁ። ግን እንዴት እንደደበቅኩህ ስማ።

እማዬ የበሶብላውን ዘር የበተነችው እንደ ልማዷ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ለቆ አፈሩ ሲሞቅ ነው። ቡቃያው ስንዝር ሳይሞላ እሷ ተኛች። ሐኪሙ ጉበቷ ነው አለ። ልደውልልህ ስል እጄን ያዘችኝ። «አፈር ስሆን አትንገረው። ከፎቅ በላይ ጣውላ ላይ ቆሞ ነው የሚሠራው፤ ልቡ እዚህ ከመጣ እግሩን ይስታል» አለችኝ። አባባም አክስታችን ሳቭሪም በዚያው ጸኑ። በእኛ ዘንድ ለሩቅ ሰው ክፉ ወሬ እንደማይነገር አንተም ታውቃለህ። አያታችን ሲሞቱ ከአጎታችን ስምንት ወር ስንደብቅ አንተም አብረህ ደብቀሃል።

ከዚያ በኋላ በሶብላው የእኔ ሆነ። ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ እቆርጠዋለሁ፤ ሊያብብ ያለውን ጫፍ እቀነጥባለሁ፤ አለዚያ ቅጠሉ ይጠነክራል። እሷ በመስኮት እያየች ከሁለተኛው ቅጠል በላይ ቁረጥ፣ ፍየል ነህ እንዴ እያለች ትቆጣኝ ነበር። አርብ አርብ አቅፈን አውጥተን የበሶብላው መደብ አጠገብ እናስቀምጣታለን። የቆረጥኩትን ሐምራዊ በሶብላ ጭኗ ላይ ከምሬ፣ ማጭዱን አስይዤ፣ ለአንተ የሚላከውን ፎቶ አነሳታለሁ። ፊቷ ቢጫ ስለሆነ አክስታችን ጉንጯን በቀይ ሥር ቀባቻት። እማዬ ሳቀችና «ዳግመኛ ልትድሪኝ ነው እንዴ?» አለቻት። እማዬ ወፍራለች ብለህ የመለስክልኝ ያን ፎቶ አይተህ ነው። የወፈረው ሆዷ ነበር፤ ውኃ ሞልቶት።

ወንድም ጋሼ፣ እኔም ቂም አለኝ። እማዬ መናገር ካቃታት በኋላ ሦስት እሑድ ደወልክ፤ ሦስቱንም ጎረቤት ሄዳለች አልኩህ። እንዴት ሁልጊዜ ጎረቤት ትሆናለች ብለህ አልጠየቅኸኝም። ደረቅ በሶብላ ላክልኝ ብቻ አልክ። ጥላ ላይ አድርቄ፣ ከረጢቱን ራሴ ሰፍቼ ላኩልህ። የደረሰህ በተቀበረች በአራተኛው ቀን ነው። ሾርባህ ላይ በትነህ፣ የእማዬ እጅ ይሸታል ብለህ ድምፅህን ቀድተህ ላክህልኝ። የበጎቹ ጋጣ ውስጥ ገብቼ ሰማሁት። ማንም እንዳያየኝ እዚያው መሸብኝ።

ይህን ስጽፍ አባባ አጠገቤ ተጋድመዋል። «ደህና ነኝ በለው፣ ሌላ አትጨምር» ብለውኛል። ደህና አይደሉም። ከአርባዋ ወዲህ ደረታቸውን ይይዛሉ፤ ከፍራሹ እስከ በሩ ሁለቴ ያርፋሉ። ሐኪም ጋ እንሂድ ስላቸው፣ ወሬው አንተ ጋ እንዳይደርስ ይፈራሉ። እኔ ግን ይኸው ነገርኩህ። አባባ ቢያውቁ ይረግሙኛል። ከእንግዲህ ግን አልሰማሁም ማለት አትችልም።

አክስታችን ሳቭሪ ጉንጩን ሳምልኝ ብላኛለች። ታናሿ እህታችን ኒጊና ናፍቆኛል በለው አለችኝ፤ አንተን ትናፍቅህ እንደሆነ ግን አላውቅም። አባባ ሰላም ይሉሃል፤ ሥራህን እንዳትተውም አደራ ይላሉ። አደራቸውን አድርሻለሁ፤ የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ።

ታናሽ ወንድምህ ባህሮም
ኢስፋራ፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን 2019