ከፖሮቶ ደረት ሥር የነበረው እጅ

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

በቅድሚያ ይህ ግልጽ ይሁን፦ ፖሮቶ አልታመመም። አርጅቷል። አሥራ አምስት ዓመት ከአራት ወር። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የሰፈሩ ሰው ግን መለየት አቅቶታል። ዛሬ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ የፋርማሲዋ ሴትዮ፣ "ምነው ውሻውን በመርፌ አታስተኙትም? እንስሳ ማሰቃየት እኮ ኃጢአት ነው" አለችኝ። የእሷም ባል ደረጃ መውጣት ካቆመ ቆየ፤ ማን አስተኛው? አላልኳትም። ማለት ነበረብኝ።

ከሰዓት በኋላ ልጃችን ሮሚና ከሳልቶ ከተማ ደወለች። ስጦታ ገዝታልናለች። እዚሁ ሞንቴቪዴዮ፣ ያረጁ የቤት ውሾችን ብቻ የሚያነሳ ፎቶ ቤት አለ አሉ። "ሳይሞት አንድ ደህና ፎቶ ይኑራችሁ" አለች። እውነቷን ነው። ያሉን ፎቶዎች በሙሉ የሚሮጥ ጭራ ናቸው።

ባሌ አንሴልሞ ሰምቶ ሳቀ። "እኔን እንዳያነሱኝ እንጂ ውሻውን የፈለጉትን ያድርጉት።" ካሜራ ፊት ከቆመ ሃያ ዓመት ሆነው። ፎቶ ላይ አባቴን እመስላለሁ ይላል። አባቱን ደግሞ... እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

ከስቱዲዮው ቅጽ መጣ። ሁለት ገጽ። አናቱ ላይ "ከስንብት በፊት አንድ ፈገግታ" ይላል። ውሻ ፈገግ አይልም። ሁለት ጊዜ አንብቤ ሞላሁት። ባዶ ቦታ አልተውኩም፤ ባዶ የሚተው ተማሪ አልወድም ነበር። አንድ የጎደለ ነጠላ ሰረዝም ጨመርኩላቸው።

ያልታረመው ፎቶ ለደንበኛ አይሰጥም፣ በአርባ አምስተኛው ቀን ይደመሰሳል ይላል። ይደምሰሱት። ምን ያደርግልናል?

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

ሁለት ታክሲ ውሻ አንጭንም አለ። ሦስተኛው ወሰደን።

ፎቶ አንሺዋ ታማራ ትባላለች። ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። "እሺ እማማ፣ ምን ዓይነት ውሻ ነበር?" አለችኝ፤ ውሻው እግሯ ሥር ቆሞ እያሸተታት።

"ነው" አልኳት። "ነበር አይደለም።"

"ይቅርታ እማማ።"

ሠላሳ አራት ዓመት መምህርት ነበርኩ። እማማ ያለኝ ተማሪ የለም።

ከዚያ ቀይ ቢራቢሮ ከረባት ይዛ መጣች። አንሴልሞ፣ "ሠርግ አልተጠራም እኮ፣ ልጄ" አላት። መልሳ አስቀመጠችው። ቢራቢሮ ከረባት... ለሽማግሌ። ምን ይባላል?

ፖሮቶን ግራጫው መጋረጃ ፊት አቆምነው። የኋላ እግሩ ከዳው። ተኛ። አቆምነው። ተኛ። ታማራ አፏጨችለት፤ መስማት ካቆመ ሦስት ዓመቱ እንደሆነ ቅጹ ላይ ጽፌያለሁ። አላነበበችውም ማለት ነው። በመጨረሻ አንሴልሞ አጠገቡ ተንበርክኮ ቀኝ እጁን ከደረቱ ሥር አስገባ። ውሻው ቆመ። አንገቱንም ቀና አደረገ። ቤትም ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳው እንደዚያ ነው።

"እጅህ ይታያል፤ ሳብ አድርገው" አልኩት።

"ከሳብኩት ይወድቃል፣ መምህርት።"

"ችግር የለም ጋሼ፣ በኋላ እናጠፋዋለን" አለች ታማራ።

"በደንብ አጥፊኝ እንግዲህ። አባቴ ብቅ እንዳይል።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ረቡዕ፣ ሜይ 14

ሲዘንብ ዋለ። ስለዚህ ቶርታ ፍሪታ፣ የዝናብ ቀን ቂጣችንን፣ በዘይት ጠበስኩ። አንሴልሞ አምስት በላ፤ ስድስተኛውን በጠረጴዛ ሥር ለፖሮቶ። አላየችኝም ብሎ ነው።

ሰኞ፣ ሜይ 19

አንሴልሞ ሞተ። ጠዋት። ልቡ ነው አሉ። ለማቴ ሻዩ ያፈላው ውሃ ገና ትኩስ ነበር።

እሑድ፣ ጁን 1

ሰው መጣ፣ ሄደ። "ምን ዓይነት ሰው ነበር!" ይላሉ። ነበር። ማረም አልቻልኩም።

መሳቢያውን ሁሉ ገለበጥኩ። የሠርጋችን ፎቶ ላይ ጫማውን እያየ ነው። የሮሚና ምረቃ ላይ ጀርባው። መታወቂያው ላይ ያለው ፊት... እውነትም አባቱ ነው። እኔ ደግሞ ለክርክር ስል፣ በጭራሽ አትመስለውም እያልኩ አርባ ሦስት ዓመት።

ፖሮቶ፣ አንሴልሞ ሶፋ ይሠራበት የነበረው ክፍል በር ላይ ይተኛል። የመሞት ተራው የውሻው ነበር። ሁላችንም የተዘጋጀነው ለእሱ ነበር። ይህን በማሰቤ አፍራለሁ፤ ግን አሰብኩት።

ሐሙስ፣ ጁን 5

ፎቶው መጣ። በትልቅ ሳጥን፣ በጥሩ የእንጨት ክፈፍ። ወረቀቱን ስቀድ ዓይኔ የሄደው ወደ ውሻው ፊት አልነበረም። ወደ ደረቱ ነበር። ምን እየጠበቅሁ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

የለም።

ፖሮቶ ብቻውን ቆሟል። ውሸት ነው። ፖሮቶ ብቻውን አይቆምም። እጁ በነበረበት ቦታ ፀጉር አብቅለውበታል፤ ውሻው በወጣትነቱም ያልነበረው፣ የተበጠረ ፀጉር። ያ አውራ ጣት፣ ጥፍሩን መዶሻ ለሁለት የሰነጠቀው... አርባ ዓመት ምስማር የያዘ እጅ። በማን ፈቃድ?

ለሮሚና ደወልኩ። "እማ፣ የውሻው ፎቶ ነው እኮ" አለችኝ። ዘጋሁባት። ልጄ ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም ነበር።

ዓርብ፣ ጁን 6

ስቱዲዮ ሄድኩ። ክፈፉን በብብቴ ይዤ።

"እማማ! አላማረም?"

"እጁን መልሺልኝ።"

"የቱን እጅ?"

"ያጠፋሽውን።"

ሳቅ አለች። የሰው ሁሉ ጥያቄ እጅ አጥፉልን ነው፣ መልሱልን ያለ ሰው አላጋጠመኝም አለች። አሁን አጋጠመሽ አልኳት። ያልታረመ ፎቶ አይሰጥም፣ የመጋረጃው ጠርዝ ይታያል፣ የውሻው ማሰሪያ ይታያል፣ ስማችን ይበላሻል... ግድግዳዬ ላይ መጥቶ ስማችሁን የሚያነብ ማን ነው?

ከዚያ ቅጹን አወጣች። ተራ ቁጥር ሰባት፦ ከፎቶው የሚወገዱ ነገሮች። ማሰሪያ፣ ለሃጭ፣ የዓይን ቆሻሻ፣ የሰው እጅ። አራቱም ላይ ምልክት አለ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀጥ ያለ፣ ከሳጥኑ ያልወጣ። የእኔ ምልክት።

"እርስዎ ነዎት እኮ ያዘዙን" አለች። ክፋት አልነበረባትም። እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ሞቷል አላልኳትም። ለምን? ቢራቢሮ ከረባት ከምታመጣ ልጅ ሐዘኔታ አልፈልግም ብዬ ነው። ክፈፉን ይዤ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ጁን 9

በማን ነው የተናደድኩት? ሦስት ቀን ሙሉ እየጠየቅሁ ነው። ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ እያልኩ ለስንት ልጅ ዝቅተኛ ውጤት ሰጥቻለሁ። አንብቤ ነበር። ሁለት ጊዜ። ባዶ ላለመተው ስል ባሌን ሰረዝኩ።

ቢሆንም ቁጥር ሰባት መጥፎ ጥያቄ ነው። "የሰው እጅ" ይላል። የማን? እጅ ከለሃጭና ከዓይን ቆሻሻ ጋር በአንድ ረድፍ? እንደዚያ ያለ ጥያቄ እኔ ለፈተና አውጥቼ አላውቅም። ጥፋቴን እቀበላለሁ። የእነሱን ግን አልሸከምላቸውም።

ሐሙስ፣ ጁን 12

ዛሬ የላክሁት ደብዳቤ ግልባጭ፦

ታማራ፣

ባለፈው ዓርብ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከደረቱ ሥር የነበረው እጅ የባሌ የአንሴልሞ ነው። ፎቶ ባነሳሽን በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ፊቱን ማስነሳት አይወድም ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ የተነሳው ያ እጅ ብቻ ነው።

ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው፤ ቅጹ ግን መታረም አለበት። ከዚህ ጋር ባለ አንድ ገጽ ማስተካከያ አያይዣለሁ፤ ቁጥር ሰባት ላይ የእጁ ባለቤት ስም ይጠየቅ።

ውሻው አለ። ጠዋት ጠዋት የማስነሳው አሁን እኔ ነኝ። እጁ የት ቦታ እንደሚገባ ለማግኘት ስድስት ቀን ፈጀብኝ፤ ከጎድኑ በታች፣ ልቡ የሚመታበት ላይ ነው። ፎቶው ላይ ትክክለኛው ቦታ ስላለ ማየት እፈልጋለሁ።

የመጋረጃው ጠርዝ ይታይ። ማሰሪያው ይታይ። የእናንተን ስም ከጀርባው ጻፉበት፣ ወይም አትጻፉበት።

አርባ አምስተኛው ቀን ጁን 24 ነው። ቆጥሬዋለሁ። ያልታረመውን ፎቶ እንዳትደመስሺው። ትሰጪኛለሽ ወይስ አትሰጪኝም፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ሳይውል ሳያድር መልሺልኝ።