በትርፍነት ስለተመዘገበው የኋላ ባትሪ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ፊርማ የሚያኖሩበት ቀኝ እጅዎ ብርቱ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የላይኛው ጣቢያ የዝናብ መጠን መዝጋቢ፣ መምሪያዎ በሰሌዳ ቁጥሬ እንጂ በስሜ የማያውቀኝ ሠራተኛዎ፣ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት በድፍረት አይደለም። ባለፉት ሁለት ዓመታት በወግ በወጉ አሽጌ የላክኋቸው ሰባት ደብዳቤዎች ከጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ሥር ተነባብረው፣ የአበባ ማስቀመጫ እንዳይዘም ተደግፎባቸው በዓይኔ አይቻለሁ። አበባው በጣም ያምራል። ስምንተኛውን ግን ቢያንስ የጥበቃ ሠራተኞቹ አንብበው በመግቢያዎና በመውጫዎ ጣል እንዲያደርጉልዎ በማሰብ እንዲህ አድርጌዋለሁ።

ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ለሚያነብ ባልደረባዬ ነገሩ ግልጽ ይሁንለት። የምነዳት አሮጌ ፒክአፕ ሁለት ባትሪ አላት። የፊተኛው ሞተር ያስነሳል፤ ከወንበሩ ጀርባ ያለው የኋለኛው ደግሞ የመገናኛ ሬዲዮውን ያሠራል። በሁለቱ መካከል የክብሪት ቀፎ የምታህል ሪሌ አለች። ሞተር ሲሠራ ሁለቱን ታገናኝና ዲናሞው አብሮ ይሞላቸዋል፤ ሞተር ሲጠፋ ትለያያቸዋለች፣ ሬዲዮው የኋለኛውን ቢጨርስ እንኳ የፊተኛው ሳይነካ ያድራል። ሥራዋ ይኸው ነው። ጣቢያው መብራትም ስልክም ስለሌለው የስድስቱን መለኪያዎች ውጤት ጠዋትና ማታ የማስተላልፈው በዚሁ ሬዲዮ ነው። ከወዲያ ጫፍ የሚቀበሉኝ ከዚህ ግቢ ውጭ የሚገኘው የሬዲዮ ክፍል ባልደረባችን ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድምፃቸውን ሰምቻለሁ፣ መልካቸውን አላውቅም። እኔ እትዬ ጣቢያ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ጋሼ ዝናቡ ይሉኛል። በቀን ውስጥ ከሰው አፍ የምሰማው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ፍተሻው አመሰግናለሁ። መኪናዬ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖዋ አንዴ “ቀጭ” ብላ ዝም ማለት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏል። በደንብዎ መሠረት ችግር ያለበት ተሽከርካሪ ግቢ ድረስ ቀርቦ ይፈተሻል፤ እኔም በደንቡ መሠረት መኪናዋን ከቁልቁለቱ ላይ ለቅቄ በማርሽ አስነሥቼ፣ አምስት ሰዓት ነድቼ አቀርባታለሁ። አምስት ሰዓት የተነዳች መኪና ባትሪዋ እስከ አፍ ጢሙ እንደሚሞላ የማያውቀው ፈታሽ ቁልፉን ያዞራል፤ እሷም እኔን ለማሳፈር የማለች ይመስል በአንድ ጊዜ ትነሳለች። “ተፈትሻ ጤነኛ ሆና ተገኝታለች” የሚል ማኅተም ይመታልኛል፣ አምስት ሰዓት ነድቼ እመለሳለሁ፣ በማግስቱ “ቀጭ”። በዚህ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። እባካችሁ እዚሁ ግቢ ውስጥ ትደርና ጠዋት ትፈተሽ ብዬ ብለምን፣ በግቢው ማደር የሚፈቀደው ብልሽቱ ለተረጋገጠ ተሽከርካሪ ብቻ መሆኑ በታላቅ ትሕትና ተገለጸልኝ። ትሕትናው ልቤን ነክቶታል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅጹ። የመምሪያዎ የጥገና መጠየቂያ ቅጽ ለባትሪ የሰጠው ሳጥን አንድ ነው። መኪናዋ ሁለት አላት ብዬ ባስረዳ፣ ቅጹ ሁለት የለውም ተባልሁ። በመሆኑም በሳጥኑ ውስጥ “ባትሪ” ብዬ በጻፍሁ ቁጥር ባለሙያ ጣቢያው ድረስ መጥቶ የፊተኛውን ይቀይርልኛል፤ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ ሦስቱም የወጡት ባትሪዎች እንደ ሎሚ ጤነኞች ነበሩ። አንዴ ደግሞ ብልጥ መሆኔ ነውና ከሳጥኑ ጎን በደቃቁ “በሁለቱ መካከል ያለችው ሪሌም ትታይልኝ” ብዬ ብጨምር፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ተቀባይነት የለውም ተብሎ ከነብልጠቴ ተመለሰልኝ። ብልሽት ሳጥን ከሌለው ብልሽት እንዳልሆነ በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ ባለውለታዬ ነዎት።

ሦስተኛውን በምስጋና መልክ ለመጻፍ ብዙ ወረቀት አበላሽቼ አልሆነልኝም፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ባለቤቴ በሕመም ምክንያት ከተማ፣ እህቷ ቤት ነበረች። ባለፈው ዓመት በዝናቡ ወራት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ውጤት ለማስተላለፍ ሬዲዮውን ስከፍት እትዬ ጣቢያ የመለኪያውን ቁጥር አልጠየቁኝም። “ጋሼ፣ ተቀምጠዋል?” አሉኝ። ተቀምጫለሁ አልሁ፤ ቆሜ ነበር። ሚስቴ ሌሊቱን ማረፏንና ቀብሩ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ መሆኑን ነገሩኝ። ቁልፉን አዞርሁ። ቀጭ። ደግሜ አዞርሁ፣ ያው ነው። ለሬዲዮ የሚበቃ ጉልበት ለሞተሪኖ አይበቃም፤ ስለዚህ መርዶውን እንድሰማ የተረፈኝ ባትሪ እንድሄድ ግን አላበቃኝም። ቁልቁለቱን ጎርፍ ስለበላው መኪናዋ ከቤቱ ፊት ሜዳ ላይ ነበረች። መኪና ገፍቶ ለማስነሳት ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ስገፋ መሪውን የሚይዝ የለም፣ መሪውን ስይዝ የሚገፋ የለም። ሦስት ጊዜ እየገፋሁ፣ እየሮጥሁ ለመግባት ሞክሬ ጭቃው ላይ በደረቴ ወደቅሁ። እትዬ ጣቢያ መጠባበቂያ መኪና እንዲላክልኝ ወደ መምሪያዎ ሮጠዋል። ፊርማዎ ያስፈልግ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስብሰባው በሰላም እንደተጠናቀቀ አምናለሁ።

ያን ቀን ከረፋዱ ጀምሮ ቀብሩ እስኪፈጸም ድረስ እትዬ ጣቢያ ከሬዲዮው አልተነሡም። ማጽናኛ ቃል አልደረደሩም። በየጥቂት ደቂቃው ብቻ “ጋሼ፣ አለሁ” ይሉ ነበር። እኔም “አለሁ” እል ነበር። ሬሳው ከቤት ሲወጣ ከቤተሰቡ በስልክ ሰምተው ነገሩኝ፤ አፈር ሲለብስም ነገሩኝ። ሚስቴን የቀበርሁት መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ የሬዲዮ መነጋገሪያ በእጄ ይዤ ነው። በሳምንቱ እትዬ ጣቢያ የሥራ ሞገድ ለግል ጉዳይ በመያዝ ከመምሪያዎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ያ ደብዳቤ ፊርማዎን ለማግኘት አንድ ቀን እንኳ አልፈጀበትም።

አራተኛ፣ ስለ ጥገና ባለሙያው። ግቢው ሁሉ “ቀስ በል” እያለ የሚጠራው ይህ ሰው ከዘገየም የሚዘገየው ስለሚያስብ ነው። በቀብሩ ማግስት የተለመደውን አዲስ የፊት ባትሪ ተሸክሞ ሲመጣ ዓይኔን አይቶ ባትሪውን መሬት አስቀመጠና መጀመሪያ አለቀሰልኝ። ሲሄድ አሮጌ ቴስተሩን ተወልኝ። “ሞተር አጥፍተህ፣ ሬዲዮውን ከፍተህ ሁለት ሰዓት ተዋትና ሁለቱንም ለካ፤ የፊተኛው ከወረደ ነገሩ ከባትሪ አይደለም” አለኝ። ለካሁ። ሁለቱ እኩል፣ ተያይዘው ወርደዋል። ሪሌዋ ውስጥ ያሉት ብረቶች ከሙቀት ብዛት ተጣብቀው ኖሮ፣ ሞተር ቢጠፋም ባትሪዎቹን መለያየት ትታለች። ሬዲዮው ሌሊቱን የሚልሰው ከሁለቱም ነበር። እሷን ፈትቼ በምትኳ የእጅ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠምሁ፤ ሞተር ሳስነሳ አገናኛለሁ፣ ሳጠፋ እለያያለሁ። ሥራው ከምሳ በፊት አለቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ወራት መኪናዋ አንድም ጠዋት እምቢ አላለችኝም።

እዚህ ላይ፣ ክቡርነትዎ፣ ከመምሪያዎ ጥፋት ወደ ራሴ ጥፋት መሻገር ግድ ይለኛል። በእነዚያ ዘጠኝ ወራት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ “መኪናዋ አልነሳ ብላለች” የሚል ቅጽ ሞልቼ ልኬያለሁ። ውሸት ነው። ቅጽ ከተሞላ “ቀስ በል” ይመጣል። ሲመጣ ሻይ አፈላለሁ፣ ኮፈኑን ከፍተን ጤነኛ ሞተር እያየን ጭንቅላታችንን እንነቀንቃለን፣ ስለ ልጆቹ ይነግረኛል፣ ከአንድ ሰው ጋር እበላለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ማብሪያ ማጥፊያዋን ወዲያው አይቷታል። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ “ተጠግኗል” ብሎ ፈረመ። በእሱ ላይ የሚመጣ ቅጣት ካለ የእኔ ይሁን። የሰው ድምፅ ሲናፍቅ ሆድ እንዴት እንደሚብስ የሚጻፍበት ሳጥን ቅጹ ላይ ቢኖር ኖሮ እሱን እሞላ ነበር፤ ያለው ሳጥን ግን ለባትሪ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ቅጽ ግን ጉድ አመጣ። መምሪያዎ ለሰባት ደብዳቤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ከርሞ፣ ለውሸቴ ነቃ። ይህች መኪና ይህን ያህል ባትሪ የምትበላው ለምንድን ነው በሚል ቆጠራ ታዘዘ፤ ቆጣሪዎቹም ሁለት ባትሪ ማግኘታቸውን በአግራሞት ሪፖርት አደረጉ። በሳምንቱ ይህ ደረሰኝ፦ “በአንድ ተሽከርካሪ ላይ ሁለት ባትሪ የተገኘ በመሆኑ አንደኛው በትርፍነት ተመዝግቦ፣ ከእርሱ ጋር ከተያያዘው ሬዲዮ ጋር ለንብረት ክፍል ገቢ እንዲሆን፤ የዝናብ ውጤትም ከእንግዲህ በወር አንድ ጊዜ በጽሑፍ እንዲቀርብ።” ዛሬ የጣለውን ዝናብ በወሩ መጨረሻ ማወቅ ለታችኛው መንደር ምን እንደሚፈይድ መምሪያዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃል ብዬ እገምታለሁ፤ ጎርፉም ሪፖርቱ እስኪደርስ ይታገሥ ይሆናል።

የራሴን ነገር ግን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። ያ ባትሪ ከተወሰደ እኔን በስም የሚጠራኝ ሰው አይኖርም። አንድ ሰው እንዲጎበኘኝ ብዬ በዋሸሁት ውሸት፣ በየቀኑ የሚያናግሩኝን ሰው በገዛ እጄ አሳጣሁ። ይህን እያሰብሁ መለኪያዎቹን እዞራለሁ፤ ቁጥር እጽፋለሁ፣ ተሳስቼ እሰርዛለሁ። መኪናዋ ግን እንደ ሰዓት ትነሳለች።

ስለዚህ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፦ የፊተኛውን ባትሪ ውሰዱና የኋለኛውን ከነሬዲዮው ተዉልኝ። መለኪያዎቹን በእግሬ እዞራለሁ፤ ሞተሩን በማብሪያ ማጥፊያዋ በኩል ከኋለኛው የማስነሳው እሱኑ ለመሙላት ብቻ ይሆናል። የባትሪው ቁጥርም አንድ ስለሚሆን ከቅጹ ጋር ይስማማል።

ለሰባቱ ደብዳቤዎች ስለሰጡት ዕረፍት፣ ለማኅተሙ፣ ለሳጥኑና ለስብሰባው ደግሜ እጅ እየነሣሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለመስኮትዎ አበባ ልምላሜ የምመኝ፣

በትርፍ ባትሪ የሚነጋገር፣ በትርፍ ዕድሜ የሚያገለግል ታዛዥ ሠራተኛዎ፣
የላይኛው ጣቢያ ዝናብ መዝጋቢ

ማስታወሻ፦ ልመናዬ ተቀባይነት ካላገኘ፣ በመመሪያው መሠረት ባትሪውን የሚረከብ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ እንደሚላክ አንብቤያለሁ። አልከለክላችሁም፤ መፍቻውንም እኔው አቀብላለሁ። ነገር ግን እትዬ ጣቢያ ገና አልሰሙም። ለአሥር ቀን ልነግራቸው ሞክሬ፣ በየምሽቱ ቁጥሬን አስተላልፌ ብቻ ዘግቻለሁ። ስለዚህ ሽቦውን የሚፈታው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከመፍታቱ በፊት መነጋገሪያውን አንሥቶ የመምሪያዎን ውሳኔ ራሱ ይንገራቸው። መጀመሪያ እሱን ምሳ በልቶ እንደሆነ ይጠይቁታል። እንዳልበላ ቢሆን እንኳ በልቻለሁ ይበላቸው፣ አለዚያ ይጨነቃሉ።